በሐምሌ የወረደ ጣሪያ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አንድ ሙሉ ክረምት ፊቱን የሰው ጣሪያ ላይ ዘርግቶ በዝናብ ያስደበደበ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ እባካችሁ አገናኙኝ። አንድ ጥግ ይዘን አብረን አንገታችንን እንደፋለን። ብቻዬን ስደፋ ደከመኝ።

ነገሩ የተጀመረው በመልካም ሐሳብ ነው። ይህን የምለው ለማስተባበል አይደለም። እኔ በሕይወቴ የሠራኋቸው አሳፋሪ ነገሮች በሙሉ የተጀመሩት በመልካም ሐሳብ ነው። ክፉ ሐሳብማ ሲመጣብኝ ሰነፍ ስለሆንኩ እተወዋለሁ።

ኮሌጃችን ክረምት በመጣ ቁጥር የበጎ ፈቃድ ዘመቻ ያካሂዳል። ካናቴራ ይታደላል፣ ኮፍያ ይታደላል፣ ባነር ይታተማል፣ ከዚያ የሚሠራ ሥራ ይፈለጋል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆኑ ያኔ አልገረመኝም። እኔ የኮንስትራክሽን ተማሪ ነኝ። የዚያን ዓመት የቤት እድሳት ቡድን አስተባባሪ ሆኜ ተመረጥኩ። የተመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ድምፄ ያለ ማይክራፎን አዳራሽ ይሞላል። ሁለተኛ፣ በስብሰባው ቀን የተገኘሁት እኔ ነበርኩ።

አስተባባሪ መሆን መጥፎ ነገር ነው። ሰው እጁን ኋላው አጣምሮ መሄድ ይጀምራል። እኔ በሁለተኛው ቀን ጀመርኩ። ክላሴር ገዛሁ፣ እስኪርቢቶ ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ቤት ስገባ እናቴን «ውሃ አቀረባችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት። አባቴ ከደጋ በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ከመነጽሩ በላይ አየኝና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

ይህንን የአባቴን ነገር ያነሳሁት በምክንያት ነው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ጋምቤላ ነው። የባሮን ውሃ ጠጥቼ፣ የባሮን ዓሣ በልቼ፣ በጋምቤላ ፀሐይ ተቀቅዬ አድጌያለሁ። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ስለ ከተማው ሲጠይቅ ከሁሉም በፊት እጄን የማወጣው እኔ ነኝ። ግን እኛ ቤት ቆርቆሮ ነው። ጎረቤታችንም ቆርቆሮ ነው። የሳር ክዳን ቤት በየቀኑ አልፌ እሄዳለሁ እንጂ ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም። ይህንን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፣ በጣም ዘግይቼ።

የቡድናችን ልጆች ሠላሳ ገደማ ነበርን። ከሁሉም ሁለቱን ብቻ ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው ኦሞድ ነው። አኙዋክ ነው፣ የክፍሌ ልጅ ነው፣ ረጋ ያለ ነው። እኔ አስተባባሪ ከሆንኩ ጀምሮ «አለቃ» ይለኛል። በቁም ነገር ይሁን በቀልድ ፊቱ ላይ አይታወቅም። ሁለተኛዋ ኛኩዎት ናት። ጥሩ ስልክ ስላላት የፎቶ ኃላፊ አደረግኋት። የኛኩዎት ችግሯ ያየችውን አለመርሳቷ ነው።

የሚታደስ ቤት የጠቆመን ኦሞድ ነው። ጠቆመን ማለት እንኳ ይከብዳል። «ከእናንተ ሰፈር ብቻዋን የምትኖር አሮጊት የለችም?» ብዬ አስጨነቅሁት፣ እሱም «አለች» አለ። እማማ አሪየት ይባላሉ። ቤታቸው ከባሮ ዳር ብዙም የማይርቅ፣ ማንጎ ዛፍ ያለው ግቢ ውስጥ ነው። ክብ የጭቃ ግድግዳ፣ ላዩ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የሳር ክዳን።

ስንደርስ እማማ አሪየት ማገዶ በራሳቸው ተሸክመው ከእኛ ኋላ ወደ ግቢው ገቡ። እኔ የዘመቻው ፎርም ላይ «የአቅመ ደካማው ስም» የሚለውን ለመሙላት እስኪርቢቶዬን ከጆሮዬ እያወረድኩ ነበር። ወዲያው ዘልዬ «ይስጡኝ እማማ!» አልኩና ሸክሙን ተቀበልኩ። አንገቴ ወደ ውስጥ ገባ። ሦስት እርምጃ ሄጄ ማገዶውን ጣልኩት፣ ተከትዬውም ተቀመጥኩ። እማማ አሪየት ማገዶውን አንስተው፣ እኔንም በሌላው እጃቸው አንስተው፣ ጥላ ስር አስቀመጡን። ትንፋሼ ሲመለስልኝ «አቅመ ደካማ» በሚለው ቦታ ስማቸውን ጻፍኩ።

ከዚያ ኦሞድ በአኙዋክኛ የመጣንበትን ነገራቸው። አዳመጡ። ጣሪያቸውን አዩ። እኛን አዩ። ረጅም ነገር ተናገሩ፣ በእጃቸውም ከግቢው ባሻገር ያለውን የበቆሎ ማሳ አሳዩ።

«ምን አሉ?» አልኩት ኦሞድን።

«ጣሪያው ደህና ነው አለች። ይሄን ክረምት ይችላል፣ በጋ ሲመጣ ልጆቼ ይለውጡታል አለች። መርዳት ከፈለጋችሁ ግን በቆሎዬን አረም በልቶታል፣ እሱን አርሙልኝ አለች።»

ፎርሙን አየሁት። ቤት ማደስ አለ፣ ችግኝ መትከል አለ፣ ጽዳት አለ፣ ደም መለገስ አለ። አረም የለም። ሠላሳ ሰው ካናቴራ ለብሶ ሲያርም ደግሞ ከሩቅ በቆሎው ነው የሚታየው። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ (ሰው ቋንቋችንን የማያውቅ ሲመስለን ለምን እንደምንጮህ አላውቅም) «እማማ፣ ምንም አይጨነቁ! እኛ አለን!» አልኳቸው።

ቀጥሎ ጣሪያውን መረመርኩ። ጠቁሯል። ለእኔ የጠቆረ ማለት የበሰበሰ ማለት ነው። ለዓመታት ከውስጥ የሚነድ እሳት ጭሱን እየላከ ምስጡን እንደሚያባርርለት ማን ነግሮኝ? እስኪርቢቶዬን ክዳኑ ውስጥ ሰካሁት። አልገባም አለኝ። በኃይል ስገፋው ገባ፣ ሊወጣ ግን አልቻለም። እዚያው ትቼው በኛኩዎት እስኪርቢቶ «ጣሪያ፦ ሙሉ በሙሉ ያረጀ» ብዬ ጻፍኩ። ኛኩዎት ለ«በፊት» የሚሆን ፎቶ አነሳች። ጥሩ ፎቶ ነበር። ቤቱ፣ ማንጎው፣ ከኋላው ሰማያዊ ሰማይ።

ስንወጣ ኦሞድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አለቃ፣ ሳሩን ከየት ነው የምናመጣው?»

ቆም አልኩ። እጄን ዘርግቼ ዙሪያውን አሳየሁት። ሐምሌ ነው። ጋምቤላ ነው። ከመንገዱ ግራ ሳር፣ ከመንገዱ ቀኝ ሳር፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ሳር። «ኦሞድ፣» አልኩት፣ «ጋምቤላ ላይ ሳር ይጠፋል?»

ኦሞድም የከተማ ልጅ ነው። ትንሽ አሰበና «አንተ ኃላፊ ነህ» አለኝ።

ማፍረሱን በዝግታ ልናደርገው አስበን ነበር። ነገር ግን ምክትል ዲናችን ከአዲስ አበባ እንግዶች እንደሚመጡ ነገሩን። ቀትር ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ያርፋሉ፣ ከዚያ በቀጥታ ሥራ ቦታ መጥተው ያዩናል። «ሲደርሱ ሥራው በሂደት ላይ መታየት አለበት» አሉ ምክትል ዲኑ። በሂደት ላይ የሚታይ ነገር ደግሞ ያለ ጣሪያ ቤት ነው።

ባነሩ ማንጎው ላይ ተሰቀለ። ግዙፍ ነበር። «እኛ እያለን ማንም እናት በዝናብ አትመታም!» ይላል በቀይ። ከጽሑፉ አጠገብ የአስተባባሪው ፎቶ አለ፤ ጥርሱን ገልፍጦ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሯል። ማተሚያ ቤቱ ባዶ ቦታ ስለበዛ ፎቶውን ትንሽ አሳድገነዋል ብሎኛል። ፊቴ የበር ያህል ሆኖ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ጠዋት ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አይቼዋለሁ፣ ደስ ብሎኝም ነበር።

ጣሪያውን ልናወርድ ጀመርን። አልወርድም አለ። የበሰበሰ ጣሪያ በግማሽ ሰዓት መውረድ ነበረበት፤ ይሄኛው ሠላሳ ወጣት ከጠዋት እስከ ቀትር አታገለ። እያንዳንዱ ነዶ በልጥ ታስሯል፣ እያንዳንዱ ቋጠሮ ከሥሩ ሌላ ቋጠሮ አለው። ኦሞድ ወደ ላይ ወጥቶ አንዱን ቋጠሮ በጣቱ ሲዳስስ ቆየና «ይሄን ያሰረ ሰው እጁ ጎበዝ ነበር» አለ።

«ቢላዋ ተጠቀም» አልኩት ከታች።

እማማ አሪየት ዕቃቸውን አንድ በአንድ አውጥተው ማንጎው ስር ደረደሩ፤ እንስራ፣ ድስት፣ ቅል፣ ቁርበት፣ የተጠቀለለ ሰሌን። ከዕቃቸው መሀል ተቀምጠው ያዩን ጀመር። እኔ ዝምታቸውን ምስጋና ነው ብዬ ተርጉሜው ነበር። አስተርጓሚ ያልጠራሁበት ብቸኛ ቦታ ይሄ ነው።

ጣሪያው ሲያልቅ የቤቱ አጥንት ብቻ ቀረ። ኛኩዎት አነሳችው። ምክትል ዲኑ በመኪና መጥተው ስለ ትውልድና ስለ አደራ ተናገሩ። በንግግራቸው መሀል ስልካቸው ጮኸ። አዳመጡ፣ ሰማዩን አዩ። አውሮፕላኑ በአየር ጠባይ ምክንያት ከአዲስ አበባ አልተነሳም። እኛም ሰማዩን አየን። ከማዶ፣ ከባሮ ወዲያ፣ ጥቁር ነገር እየመጣ ነበር።

«በሉ እናንተ ቀጥሉበት» ብለው ምክትል ዲኑ መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ቀጠልንበት። ማጭድ ይዘን ወደዚያ የትም ወደማይጠፋው ሳር ገባን። አጨድን፣ ተሸከምን፣ ወደ ላይ አቀበልን። አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ ውሃ የጠገበ ሳር። ገና ሳንጨርስ ሳሩ ተመልሶ መውረድ ጀመረ። ስናስረው ይሙለጨለጫል፣ ስንለቀው ይዘረገፋል። በአንድ በኩል ያስቀመጥነው በሌላ በኩል ይወርዳል። የጎረቤት ፍየሎች ወሬውን ሰሙና መጡ። አንዷ ግድግዳው ላይ ሁለት እግሯን አቁማ የጣሪያውን ጠርዝ በላች። እኔ ሳባርራት ሌላዋ በወዲያ በኩል ምሰሶው ድረስ አደረሰችው። ኛኩዎት ይሄንንም አነሳችው፣ እኔ ሳላዛት።

ኦሞድ መንደር ላለ አጎቱ ስልክ ደወለ። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው። በአኙዋክኛ አጭር ጥያቄ ጠየቀ። ከዚያኛው ጫፍ ሳቅ መጣ። ሳቁ ረዘመ፣ ሳል ሆነ፣ እንደገና ሳቅ ሆነ፣ ስልኩ ተቋረጠ።

«ምን አለ?»

«በሐምሌ? አለ» አለኝ ኦሞድ። «የጣሪያ ሳር ቆሞ ሲደርቅ ነው የሚታጨደው፣ ታኅሣሥ፣ ጥር። ይሄ አሁን ያለው የከብት ምሳ ነው አለ።»

አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን በቅጡ ልናገር። መጀመሪያ የመጣው ድንጋጤ አይደለም። ሰው አየኝ ወይ ብዬ ዙሪያዬን ነው ያየሁት። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ከተማ ኖሬ፣ ጎረቤቶቼ የሚያድሩበት ጣሪያ በየትኛው ወር እንደሚሠራ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። የሲሚንቶ ቅልቅል በቃሌ እወጣለሁ። ዙሪያዬን ሳይ ደግሞ ዓይኔ ያረፈው እማማ አሪየት ላይ ነው። እርሳቸው በሐምሌ የጣሪያ ሳር እንደሌለ ከጠዋት ጀምሮ ያውቃሉ። ነግረውኝም ነበር፤ በጋ ሲመጣ ይለወጣል ብለው።

የመጀመሪያው ጠብታ እንስራቸው ላይ አረፈ።

ሩጫ ተጀመረ። ኮሌጁ መጋዘን ውስጥ ሸራ አለ ተባለ፤ ቁልፉን የያዘው ሰው የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ቤተሰቡ ጋ መቲ ከተማ ሄዷል። አባቴ ጋ ደወልኩ፣ ጓሯችን የተረፉ ቆርቆሮዎች እንዳሉ ነገረኝ። በኦሞድ በኩል ለእማማ አሪየት አቀረብኩ። ይሄኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ያናገሩኝ።

«ቆርቆሮ? እዚህ ፀሐይ ላይ?» አሉ። «እኔ ዓሣ ነኝ? ትጠብሰኛለህ?»

ደግሞም ልክ ናቸው። እኔ ራሴ ሚያዝያ ላይ የማድረው ደጅ ነው።

ዝናቡ እየከበደ ሄደ። ልጆቹ ዛፍ ስር ተሰበሰቡ። ካናቴራችን ቀለሙን እየለቀቀ ሁላችንም ሰማያዊ ሆንን። እማማ አሪየት ተነሱ፣ ወደ ማንጎው ቀና አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ባነሩ ጠቆሙ።

«ያ ጨርቅ ውሃ ያስገባል?»

ሠላሳ ሰው ዞሮ ባነሩ ላይ ያለውን ፊቴን አየ። ዝናቡ ጥርሴ ላይ እየወረደ ነው። አንዲት ጠብታ አላስገባም።

እንግዲህ እንዲህ ነው ጣሪያ የሆንኩት። ባነሩን አውርደን የቤቱ አጥንት ላይ ጠቀለልነው፣ ዙሪያውን በገመድ ወጠርነው። ክብ ቤት ስለሆነ ግንባሬ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ፣ አገጬ ወደ ባሮ ዞረ። አውራ ጣቴ ከበሩ በላይ ቆመ። «ማንም እናት በዝናብ አትመታም» የሚለው ተጠቅልሎ «ማንም እናት» ብቻ ይታይ ነበር። እማማ አሪየት ዕቃቸውን መልሰው አስገቡ፣ እኛም ወደየቤታችን ሄድን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት እንዴት ልንገራችሁ? እሁድ ጠዋት የሰፈሩ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ግንባሬ ስር ያልፋል፣ ሲመለስም ያልፋል። የባጃጅ ሾፌሮች ሰፈሩን በእኔ ይጠቁሙ ጀመር፤ «የሚስቀው ሰውዬ ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ» ይላሉ። አንድ ቀን ራሴ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ «ሰውዬው ጋ ልውረድ?» ያለች ሴት ሰማሁ። ኮፍያዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ። ኮፍያው ላይ የዘመቻው ስም እንዳለ ረስቼ ነበር።

መንገድ ቀየርኩ። በኮሌጁ የኋላ በር መግባት ጀመርኩ። ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የቤታችንን ቆርቆሮ ድምፅ እሰማለሁ፣ ያቺን ላስቲክ የወጠርንባትን ገመድ አስባለሁ። ንፋስ ከሆነ ደግሞ ባሰብኝ። ሁለት ጊዜ ገመዱ ተበጥሶ ሄጄ አሰርኩ፤ እማማ አሪየት ከበሩ ሆነው፣ እኔ ጣሪያው ላይ ሆኜ፣ የራሴን ጆሮ እየረገጥኩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የተቀቀለ በቆሎ ሰጡኝ። የበቆሎው እሸት ትንሽ ነበር፣ አረም የበላው ነው።

አባቴም ነገሩን ሰማ። አንድ ቀን እራት ላይ «ሃያ ስምንት ዓመት እዚህ አገር ኖሬ እኔም አልጠየቅኩም» አለ። ከዚያ ሾርባውን ጠጣ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሞኝነት ነው። ሞኝነት ይቅር ይባላል። አሁን ወደ ውርደቱ እንለፍ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ምክትል ዲኑ ሪፖርት ጠየቁ። «በፊት» እና «በኋላ» ፎቶ ጎን ለጎን፣ በትልቁ፣ ለመዝጊያው ሥነ ሥርዓት። ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። «በፊት» በሚለው ስር ያንን ያማረ ቤት አስገባሁ። «በኋላ» በሚለው ስር የበር የሚያህለውን ፊቴን አስገባሁ። አየሁት። ቡና ጠጥቼ መጥቼ አየሁት። ከዚያ እጄ ተንቀሳቀሰ። አጥንቱ የቀረውን ቤት «በፊት» አልኩት። ያ ደህናው፣ ከኋላው ሰማያዊ ሰማይ ያለው፣ «በኋላ» ሆነ። በጣም ቆንጆ ሪፖርት ወጣው።

ኛኩዎት ከኋላዬ ቆማ ነበር። «ይሄ መጀመሪያ ቀን ያነሳሁት አይደለም?» አለች።

«ቅርጹ ስለሚመሳሰል ነው» አልኩ።

ኛኩዎት ጠጋ አለችና ክዳኑ መሀል አንዲት ነጭ ነገር በጣቷ ነካች። «እስኪርቢቶህ እዚህ ተሰክቷል» አለችኝና ወጣች።

ጳጉሜ ላይ አዳራሹ ሞላ። ፎቶዎቹ በትልቁ ታትመው፣ በላስቲክ ተለብጠው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። እማማ አሪየት የክብር እንግዳ ሆነው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከኮሌጁ ስጦታ ተበረከተላቸው። ጃንጥላ ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። እስካሁን ካደረግንላቸው ሁሉ የሚጠቅማቸው እሱ ይመስለኛል። እኔ «ምስጉን በጎ ፈቃደኛ» የሚል ሰርተፊኬት ተቀብዬ መድረክ ላይ ቀረሁ።

ከዚያ ምክትል ዲኑ «እናታችን የታደሰ ቤታቸውን በፎቶ ይመልከቱልን» ብለው ወደ ግድግዳው ወሰዷቸው።

እማማ አሪየት ፎቶውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። በእውነት በራ። እጃቸውን ዘርግተው ላስቲኩን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ በአኙዋክኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። አዳራሹ ውስጥ ቋንቋውን የሚሰሙ ሁሉ ማጨብጨብ አቆሙ። ሌላው ትንሽ ቆይቶ አቆመ።

«ምን አሉ?» አሉ ምክትል ዲኑ። «ኦሞድ፣ ተርጉምልን።»

ኦሞድ ወደ እኔ አየ። እማማ አሪየት ያልተሰሙ መስሏቸው በአማርኛ ደገሙት።

«ይሄ ጣሪያ ባሌ ሠራው። ባሌ ሞቷል። እነዚህ ልጆች አወረዱት፣ ጠፋ ብዬ ነበር። እዚህ አለ።» ወደ መድረኩ ዞሩ። «ፎቶውን ትሰጠኛለህ?»

አልተቆጡም። ፎቶው ላይ ያለው ቤት እኔ የሠራሁት ተብሎ መለጠፉን እንኳ አላወቁም። ጽሑፉን አያነቡትም። ደስ ብሏቸው ነበር፣ ይሄ ነው እስከዛሬ የሚያቃጥለኝ።

ያ ያለ ማይክራፎን አዳራሽ የሚሞላው ድምፄ ጠፋ። «የቀየርኩት እኔ ነኝ» የምትል ሦስት ቃል እንኳ አልወጣችም። ሰርተፊኬቱን ደረቴ ላይ እንደያዝኩ በመድረኩ የጎን በር ወጣሁ። ምክትል ዲኑ ከኋላዬ «ወደሚቀጥለው መርሐ ግብር» ሲሉ ሰማሁ።

ከዚያ ሦስት ወር ተደበቅኩ። ኦሞድም አልጠየቀኝም። ታኅሣሥ ላይ፣ ምድሩ ሲደርቅ፣ አንድ ጠዋት በራችንን አንኳኳ።

«ሳሩ ደርሷል» አለኝ። «ልጆቿ ከአቦቦ መጥተዋል። ያ ጣሪያዬ ላይ ያለው ልጅ ይምጣ ብላለች።» አለቃ አላለኝም።

ከሠላሳዎቹ የሄድነው አራት ነን። ካናቴራ የለበሰ የለም። ያ ሐምሌ ላይ አረንጓዴ የነበረው ሳር ወርቃማ ሆኖ ቆሟል፣ ሲታጨድ ይንኮሻኮሻል። ለካ ከሥሩ ነው የሚታጨደው፣ ለካ ራሱና እግሩ ተስተካክሎ ነው የሚታሰረው። ለካ እኔ አንድ ነዶ ሳስር እማማ አሪየት ስድስት ያስራሉ። ያሰርኩትን ይፈቱና መልሰው ይሰጡኛል። አራተኛው ላይ አልፈቱትም፣ ያ ቀን ሙሉ አስደስቶኛል። ወንዶች ልጆቻቸው ጣሪያው ላይ ሆነው ሲደርቡ እኔ ከታች አቀብላለሁ። ሐሳብ አልሰጠሁም። ባነሩ ወርዶ የፍየሎቹ ማደሪያ ላይ ተጣለ፤ ከሥር አገጬን መብላት ጀምረዋል።

በአምስተኛው ቀን ጣሪያው አለቀ። ያን ቀን ጠዋት ከቤት ስወጣ ያን ትልቁን ፎቶ ከኮሌጁ ግድግዳ አስነቅዬ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤው ነበር። ሰጠኋቸው። እማማ አሪየት ማንጎው ስር ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ከላይ እስከታች አዩት። የታሰረበትን እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። እስኪርቢቶዬ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ሳቁ። ከዚያ ከፎቶው ግርጌ ያለውን ጽሑፍ ነኩ።

«ምን ይላል?»

ኦሞድ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ንገራት» አለኝ።

«በኋላ ይላል» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ሆነብኝ። «ውሸት ነው እማማ። ይሄን ቤት እኛ የሠራነው አስመስዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እርስዎ አዳራሽ ሲመጡም ዝም አልኩ።»

ኦሞድ ተረጎመላቸው፣ አንድም ሳያስቀር። ኪሴ ውስጥ ማርከር ነበረኝ፣ ለዚሁ ነው ያመጣሁት። ከፊታቸው ተንበርክኬ «በኋላ» የሚለውን ሰረዝኩ፣ ከጎኑ «በፊት» ብዬ ጻፍኩ። ላስቲክ ላይ ስለሆነ አላማረም።

«አሁንስ?»

«በፊት።»

«በፊት» አሉ እማማ አሪየት ቀስ ብለው። ተነስተው ፎቶውን ይዘው ወደ አዲሱ ጣሪያ ስር ገቡ። ከውስጥ ምሰሶው ላይ ሲያስሩት በበሩ ይታየን ነበር። ሲወጡ እጃቸው ላይ መኮትኮቻ ነበር። ባሮ ወደ ኋላ ሸሽቶ በለቀቀው ዳርቻ፣ እስከ ጉልበት የደረሰ አዲስ በቆሎ ቆሟል፣ በመሀሉም ሌላ አረንጓዴ ነገር። በአኙዋክኛ አጭር ነገር ተናግረው መኮትኮቻውን እጄ ላይ አኖሩት።

ኦሞድ ሊተረጉምልኝ ሲል በእጄ ከለከልኩት። ይቺን ሐምሌ ላይ ነግረውኝ ነበር።